አራት ዲግሪ

የፓታጎኒያ ነፋስ በር አያንኳኳም፤ ገፍቶ ነው የሚገባ፣
በትከሻው አሸዋ፣ በጥርሱ የበግ ጠጉር፣ በጉያው የደረቀ አበባ።
ቀጠሮ ነበረኝና ኮሌታዬን እስከ ጆሮዬ ስቤ፣
በአሮጌዋ ፒካፕ ከትሬሌው ወጣሁ፣ ዋጋውን በልቤ አስቤ።
መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር፤ ዛፍ የለ፣ ሰው የለ፤
አጥር ብቻ አብሮኝ ሮጠ፣ እሱም መንገድ ላይ ቀረ፣ ደከመኝ እያለ።

ሴኞራ ኤርሜሊንዳ በሩን ከፈተች፣ ውሻዋን እየተቆጣች፤
«ኮምፓሱ? ያውልህ» ብላ በእግሯ አሳየች።
የጓዳዋን በር ነፋስ እንዳይዘጋው ደግፎ የቆመ፣
ድስት የሚያህል ጥቁር ነሐስ፣ መስተዋቱ በቅባት የታመመ፣
ፈሳሹ የጎደለ፣ መርፌው በጎኑ የተኛ፤
ሠላሳ ዓመት በር ሲጠብቅ የኖረ የሰማይ ዘበኛ።

«ይዋሻል» አለችኝ፣ ገና ለማንሣት ሳልጎነበስ፤
«ባሌ ነግሮኛል፤ በአራት ዲግሪ ይዋሻል፣ ሲሄድም ሲመለስ።»
ሻጭ እቃውን ሲያማ ያን ቀን ነው የሰማሁ።
የሰጠኋትን ቆጥራ ግማሹን መለሰች፤ አፈርሁና ተቀበልሁ።
«ለዋሾ ይህ ይበዛል።»

ስምንት ብሎን ነበረው። ሰባቱ በልመና ወጡ፤
ስምንተኛው ሁለት ሌሊት ዘይት ጠጣ፤ የሰካራም ነገር፣ ቀስ በቀስ ነው አወጣጡ።
የጎማው ቀለበት በጣቴ መሐል እንደ ብስኩት ተፈረፈረ፤
ፈሳሹን ቀዳሁት፤ ሽታው አልኮል፣ መልኩ ሻይ ነበረ።
ቁጥሮቹን በጨለማ ያበራ የነበረው ቀለም ራዲየም ነውና
ጓንት አጠለቅሁ፣ አልፋቅሁትም፤ ብርሃኑ ሞቷል፣ መርዙ ግን አለ ገና።

እቃው የሰሜን ሥራ ነው። በሰሜን ምድር የመርፌን አንዱን ጫፍ ቁልቁል ትስባለች፣
እኛ ዘንድ ሌላውን፤ ሚዛኗን ካላስተካከሏት ታነክሳለች።
ከሥሯ አንዲት የቆርቆሮ ጠብታ አየሁ፣ የምስር ክክ የማታህል፤
አንድ የማላውቀው ሰው አክሎላታል፣ ለደቡብ ቀጥ ብላ እንድትውል።
አንተ ሰው፣ እጅህ አይንቀጠቀጥም ነበር።
የኔ ይንቀጠቀጣል።

ከክዳኑ ጀርባ ካርድ ወጣች፣ ጠርዟን አይጥ የቀመሰው፤
በእርሳስ የተጻፈች፤ ጸሐፊው ሰባትን ወገቡ ላይ የሚሰርዝ ሰው፦

   ወደ ምዕራብ ስትል ሁለት መቶ ሰባ አራትን ያዝ፣ ሰባን አትመን።
   ወደ ምሥራቅ ስትመለስ ሰማንያ ስድስት።
   ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እውነቱን ይናገራል።

አዲስ ጎማ፣ አዲስ ፈሳሽ፤ አረፋ እንዳይቀር ነቀነቅሁ፤
ከመኪናዬ፣ ከመፍቻዎቼ፣ ከቀበቶዬ ዘለበት ሳይቀር ራቅሁ፤
ሜዳ ላይ በእንጨት እግር አቁሜ ዙሪያውን አዞርሁት።
ምዕራብን ጠየቅሁት፤ ምዕራብ አለኝ። ምሥራቅን፤ ምሥራቅ። ደግሜ ጠየቅሁት።
አራቱ ዲግሪ የለም።

ለካስ ውሸቱ የሱ አልነበረም። የሞተሩ ነበር፣ የወንበሩ ብረት፣
ምናልባት ባሏ ከጎኑ የሚሸጉጠው የመዶሻ ከረጢት፤
ከፖስታ ጆንያ ጋር ተራራ ለተራራ አብሮት የበረረው ሁሉ ብረታ ብረት።
አውሮፕላኑ ዛሬ የለም። ክንፉ የዶሮ ቤት ጣራ ሆኗል፣
ሞተሩን ቁራሌው ወስዶታል።
የቀረችው ጉተታው ናት፤
በእርሳስ፣ በዚች ካርድ፣ አራት ተብላ።

ደወልሁላት። «አይዋሽም» አልኋት። ነፋስ ብቻ ተሰማ፤
ቆይታ፣ «ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን ምስኪኑን በከንቱ ሳማ!...»
ሳቀች ይሁን አለቀሰች፣ መስመሩ ይቆራረጣል።
«ካርዷስ?»
«ከክዳኑ ጀርባ መለስኋት።» ዝም አለች።
«ነፋሱ የጓዳዬን በር እያላጋው ነው» አለች በመጨረሻ፤
«ከባድ ነገር ካለህ ላክልኝ» ብላ ዘጋች።